በስም ጥሪ የተገኙ አባት

መልእክቱ የደረሰኝ ቅዳሜ ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ካልሲዎቼን አጥቤ ገመድ ላይ እያሰጣሁ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲነዝረኝ እርጥብ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁና አነበብኩት።

«ጤና ይስጥልኝ። አባቴን ድረ ገጹ ላይ ያስገባሽው አንቺ መሆንሽ ተጽፏል። በሕይወት መኖሩን ስላሳወቅሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ አዲስ አበባ ገብቶ ጠፋ ብቻ ነው ያለችኝ። እስካሁን የሞተ ይመስለኝ ነበር። ነገ በመጀመሪያው መኪና ከጊንጪ እመጣለሁ። አስኮ ስደርስ ቤቱን የሚያሳየኝ ሰው ብታገኚልኝ።»

ከሥሩ ስሟ ከነአባቷና ከነአያቷ፣ ቀጥሎም ስልኳ አለ።

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ አሁን ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስም ስናስገባ አንድም ሰው አመስግኖን አያውቅም ነበር።

ድረ ገጹ የትውልድ ሐረግ የሚመዘገብበት ነው። ነፃ ነው፤ ለማየትም ለመጻፍም አይከፈልም፣ የሚሠሩበትም ሰዎች አይከፈላቸውም። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የየአካባቢያቸውን ሰው ያስገባሉ፣ አንዱ ያስገባውን ሌላው ይመረምራል። የሞተ ሰው ስሙ በግራጫ ይጻፋል። በሕይወት ያለ ሰው ከስሙ ጎን ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ አለችው። የኔን ሥራ የሚመረምረው ሰው በየት አገር እንደሚኖር አላውቅም፤ የማውቀው በፎቶው ቦታ ያስቀመጠውን ውሻ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ «እነዚህ ሰዎች በሕይወት መኖራቸውን በምን አረጋገጥሽ?» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። «በስም ጥሪ ተገኝተዋል» ብዬ መለስኩለት። «ጠንቃቃ ነሽ» ብሎ ሁሉንም አጸደቀው።

ኮልፌ ላይ ይህን ሥራ የምንሠራው ሦስት ሰዎች ነን። አንዱ ሳንሱሲ የሚኖሩ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሰብሳቢያችን እሳቸው ናቸው፣ ማን እንደመረጣቸው ግን አይታወቅም። ሁለተኛዋ አንሶላና የተማሪ ዩኒፎርም የምትሸጥ ባለሱቅ ናት። ቤተሰቦቿ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ሰፈር የኖሩ ናቸው፤ የራሷን ወገን እስከ አሥራ አንድ ቤት፣ የጎረቤቱን ደግሞ እስከሚያሳፍረው ድረስ በቃሏ ታውቃለች። ኮምፒዩተር ግን አትነካም፣ ድረ ገጹንም ከፍታ አይታው አታውቅም። አንቱ ስላት ስለምትቆጣ አንቺ እላታለሁ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። እኔ እጽፋለሁ። የገባሁበትም ምክንያት ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ሳይንስ ስለተማርኩ እና ሰውን እንቢ ማለት ስለማይሆንልኝ ነው።

ስም የት ይገኛል ብለን በጀመርን ሰሞን መምህሩ «ሽማግሌ በብዛት ተቀምጦ የሚገኝበት ቦታ» አሉ። ይህም ልቅሶ ቤት ነው። የሰፈራችን እድር ልቅሶ ላይ አባላቱን በስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ይቀጣል። የእድሩ ጸሐፊ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር፣ እሳቸው መዝገቡን በቃላቸው እየጠሩ እኔ ምልክት እንዳደርግላቸው፣ በምላሹ መዝገቡን እንድገለብጥ ተስማማን። ድንኳን ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ፊት መቀመጥ ለኔ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዓይኔን ከመዝገቡ ላይ ሳላነሣ ጆሮዬን ብቻ ሰጥቼ እሠራ ነበር። ስም ይጠራል፣ አንድ ቦታ «አቤት» ይባላል፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ቤት ስገባ ምልክት ያለበትን ሁሉ አረንጓዴ አደርጋለሁ፣ እድር ላይ የተገኘበትንም ወር ከሥሩ እጽፋለሁ።

ካልሲዎቹን ጨርሼ ሳላሰጣ ደስታዬን ልናገር ወደ ሱቁ ሄድኩ።

«እትዬ፣ አንዲት ሴት ባስገባነው ስም አባቷን አገኘች» አልኳት።

«እልል በይ። ማንን?»

ስሙን ከነአባቱ ነገርኳት። እያጠፈችው የነበረውን አንሶላ በግማሹ ተወችው።

«እኚህ ሰውዬ እኮ ሞተዋል።»

«የለም፣ አሉ። ገጹ ላይ አረንጓዴ ናቸው።»

«አረንጓዴ ይሁኑ ቢጫ አላውቅም። የልቅሷቸውን ንፍሮ የቀቀልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ያውም ባቄላው አልበስል ብሎን ሰው ጥርሱን ሊሰብር።»

«ባለፈው ወር ልቅሶ ላይ ስማቸው ተጠርቶ አቤት ብለዋል። ምልክት አድርጌያለሁ።»

«በማን ድምፅ ነው አቤት ያሉት?»

አሰብኩ። በሴት ድምፅ ነበር። በርግጥ ብዙ ስሞች በሴት ድምፅ ነው አቤት የሚባሉት። ባል ሥራ ላይ ከሆነ ሚስት ትመጣለች፣ ለቤቱ ትመልሳለች፤ ይህን አውቅ ነበር። የማላውቀው፣ ባልየው ሲሞት ቤቱ ከእድሩ ስለማይወጣ፣ መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ለመቀየር የተነሣ ሰው አለመኖሩን ነው። የሰፈሩ ሰው ማን ሞቶ ማን እንዳለ መዝገብ ሳያይ ያውቃል። ሳታውቅ የቀረች እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አንቺ ልጅ» አለች ባለሱቋ፣ «አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለሽ የመለሰውን ሰው አላየሽም? ሰው ይበላሻል?»

የተንጠለጠለውን የአንሶላ ጫፍ አነሣሁላት።

«ሌላስ ማንን አስነሣሽ? አንብቢልኝ እስቲ።»

ስልኬን አውጥቼ አረንጓዴዎቹን በዝግታ አነበብኩላት። «ሞተዋል» አለች። «ሞተዋል። እሳቸው አሉ፣ ጨጓራ ነው እንጂ። ይሄኛው አለ፣ ትናንት ከሚስቴ ሶፋ ቀለም ጋር የሚሄድ መጋረጃ አምጪ ብሎ ሲያደርቀኝ ነበር። እኚህ ሞተዋል። ኧረ በጌታ፣ እኚህማ አንቺ ሳትወለጂ ነው የሞቱት።»

አንዱንም አላረምኩም። ሐሳቤ ሴትየዋ ላይ ነበር። ነገ ጠዋት መኪና ላይ ትወጣለች፤ አባቷ እየጠበቃት ይመስላታል። «አሁኑኑ ጽፌ እነግራታለሁ» አልኩና ስልኬን ከፈትኩ።

ባለሱቋ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «መርዶ በስልክ? አብደሻል?»

ከዚያ ለመምህሩ ደወለች። ከሳንሱሲ ለመድረስ ግማሽ ሰዓትም አልፈጀባቸውም። ፀሐይ ስለነበረ ጃንጥላ ይዘው ነበር። ነገሩን ቆመው አዳመጡና የዩኒፎርሙ ጥቅል ላይ ተቀመጡ።

«ስህተቱን ማን ሠራ የሚለው ለሌላ ቀን ይቆየን» አሉ። ይህን ሲሉ እኔን ነው ያዩት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ብነግራት አይሻልም? ባለቀ ነገር ያን ሁሉ መንገድ ትመጣለች።»

«ልጄ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። በጠዋት ነው። ሰው ተሰብስቦ ነው። ቁጭ ብላ፣ ጎንና ጎኗን የሚይዛት ሰው ኖሮ ነው። ብቻዋን፣ ስልክ እያየች፣ ምናልባት ምድጃ ፊት ሆና ትስማው ነው የምትዪው?»

«ሰውየው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሊሆናቸው ነው።»

«ልቅሶ የሚጀምረው ሰው ሲሞት ሳይሆን ሲሰማ ነው።»

«እዚህ ዘመድ የላትም» አልኩ። ይህን ያህል ተከራክሬ አላውቅም።

«እኛስ? የአያቷን አባት ስም በዚህ ከተማ ከኛ በቀር የሚያውቅ አለ?»

«አንድ ሌሊት ደስ ብሏት ትደር» አለች ባለሱቋ፣ አንሶላውን እንደገና እያነሣች። «ምን ይጎድልባታል?»

እኔ ብዙ የሚጎድልባት ይመስለኝ ነበር፣ ግን ሁለት ለአንድ ነበሩ። መምህሩ መልሱን በቃል አጻፉኝ። «እንኳን ደስ አለዎት» የሚለውን ከለከሉኝ። የቀረው «ይምጡ። አስኮ እቀበልዎታለሁ» የሚል ብቻ ነበር።

«ስለ ጤናቸው ብትጠይቀኝስ?»

«ዝም በይ» አለች ባለሱቋ። «አንቺን ዝም በይ ብሎ መምከር ራሱ ያስቃል።»

ሴትየዋ ወዲያው መለሰች። «ምን ይወዳል? ባዶ እጄን አልመጣም» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ባለሱቋ የታጠፈውን አንሶላ ፈትታ እንደገና አጠፈችው። ማንም የሚነግረኝ ስለጠፋ «ምንም አያስፈልግም» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረበትም።

በዚያው አረንጓዴዋን ነጥብ ላነሣት ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ የአንድ ሰው ሁኔታ ሲቀየር ድረ ገጹ ገጹን ለሚከታተሉ ሁሉ በራሱ ያሳውቃል። ሴትየዋ ትከታተላለች። ስለዚህ ሰውየው መሞታቸውን እያወቅሁ፣ በሦስት በጎ ፈቃደኞች ውሳኔ፣ እስከ ማግስቱ በሕይወት እንዲቆዩ ተደረገ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሟቹ ባለቤት ቤት ሄድን። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ልጅ አልነበራቸውም። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ምስር ይለቅሙ ነበር። ወንበር አወጡልንና ተቀመጥን። ባለሱቋ ነገሩን ከሩቅ ጀመረች፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ውሃ ፈረቃ። ሁሉም ሲያልቅባት ወደኔ ዞረች።

እኔ ከራሴ አፍ ከመናገር የተጻፈ ማንበብ ይቀለኛል። ስልኬን አውጥቼ የሴትየዋን መልእክት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ስሟ ጋ ስደርስ ሰፌዱ ላይ የነበረው እጃቸው ቆመ።

«ስሟን ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ይሄን ስም ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ሲጠራው ነበር» አሉ። «ደጋግሞ። ትኩሳት ላይ ሆኖ ነው። የሌላ ሴት ስም መስሎኝ ማናት ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀይሜዋለሁ።»

«ሙት ይቀየሙታል እንዴ?» አለች ባለሱቋ።

«አንቺ ትተሺው ነበር?»

ባለሱቋ ትንሽ አሰበችና «እኔማ አልተውም» አለች።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ እየተቀየሙ ነው በስማቸው አቤት የሚሉት?»

«ስሙ ሲጠራ ዝም ልበል? ሰው ይሰማል እኮ።»

እኔ ተራዬ መሆኑን አውቄ «እማማ፣ በሕይወት አሉ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«ጥሩ አላደረግሽም» አሉ። ምስሩን ትንሽ ለቀሙ። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«አላውቅም።»

«ካገባሁት ሠላሳ አራት ዓመት ነው። ከዚያ በላይ ይሆናታል ማለት ነው።» ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት። «እዚሁ ቤት ይነገራት። ግን ሳትበላ አትነግሯትም። መርዶ ባዶ ሆድ አይችለውም። ጨጨብሳ እሠራላታለሁ።»

በዚሁ ተማከርን። ባለሱቋ አራት ሴቶች ከጎረቤት ታመጣለች። መምህሩ ይናገራሉ። እኔ ከአስኮ አመጣታለሁ፣ ጥቁር አልለብስም፣ መንገድ ላይ ምንም አልናገርም።

«ፈገግ በይላት» አሉ መምህሩ።

«ፈገግታው ይቅርባት» አለች ባለሱቋ። «ሲከብዳት ነው ፈገግ የምትለው፤ አስለቃሽ ነው የምትመስለው።»

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አስኮ መኪናው የሚያራግፍበት ቦታ ደረስኩ። ቤት ውስጥ የተገኘው ጥቁር ያልሆነ ልብስ ቢጫ ሹራብ ብቻ ነበር። ከጊንጪ የመጣው መኪና ሲቆም ብዙ ሰው ወረደ፤ እኔ እንደልማዴ ጫማ ጫማቸውን አያለሁ። አንድ ጥንድ አዲስ ጫማ ፊቴ መጥቶ ቆመ።

«ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ?»

ሠላሳ አምስትን ዘለል ያለች፣ ነጠላዋን በደንብ ያጣፋች ሴት ናት። አገላብጣ ሳመችኝ። በአንድ እጇ ከባድ ፌስታል፣ በሌላው አንድ ወረቀት ይዛለች። ወረቀቱ የአባቷ ገጽ ነው። አሳትማዋለች፣ እንዳይቀደድ ደግሞ ላሚኔት አስደርጋዋለች።

«እንኳን ደህና መጡ። ቤት ሄደን እንጨዋወታለን» አልኩ። መምህሩ ያስጠኑኝ ነው።

«ምን እንደሚወድ ስላልነገርሽኝ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዝኩ» አለች፣ ፌስታሉን ከፍ አድርጋ እያሳየችኝ። ከዚያ ሰዓቷን አየች። «ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው? ተኝቶ ከሆነ እዚሁ እንቆይ። ሽማግሌ ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ልጅህ ነኝ ቢሉት ይደነግጣል።»

ለዚህ መልስ አላስጠኑኝም። ተነሥተዋል ማለት ውሸት ነው፣ ተኝተዋል ማለትም ውሸት ነው። ፌስታሉን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ፊቴን ታይ ነበር።

«አሞታል እንዴ?»

እዚህ ላይ «ትንሽ» ይባላል። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው፤ የሚጠይቀውም ሰው «ትንሽ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እያወቀ ቤት ድረስ ሳያውቅ ይሄዳል። ይህ ደግነት እንዳለበት አሁንም አምናለሁ። ግን ይህች ሴት አባቷን በሕይወት ያገኘችው በኔ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛ ልዋሻት አልቻልኩም።

«አላመማቸውም። ሞተዋል» አልኩ።

«መቼ?»

«ሦስት ዓመት ሊሆናቸው ነው።»

ላሚኔቱን አየችው። «እዚህ ጋ ግን አለ ይላል።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ተሳስቼ ነው።»

«ባለፈው ወር እድር ላይ ተገኝቷል ይላል።»

«የተገኙት ባለቤታቸው ናቸው።»

«ለሱ?»

«በሳቸው ስም።»

ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። አንድ ረዳት «ቡራዩ፣ ቡራዩ» እያለ በመሃከላችን አለፈ።

«ትወደው ነበር ማለት ነው» አለች።

ተቀይመው እንደነበር አልነገርኳትም። ሌላ የቀረውን ግን ነገርኳት። «ሊሞቱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው የርስዎን ስም ይጠሩ ነበር። ደጋግመው። ልጃቸው እንደሆኑ ያወቀ ሰው አልነበረም።»

ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። ወረቀቱን ለኔ ሰጠችኝ። ነጠላዋን ፈትታ ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቃ ለበሰችና፣ እዚያው የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዳቦ የምትሸጥ ሴት ዘንቢሏን ትታ መጣች። ሁለት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶችም መጡ።

«ማን ሞቶባት ነው?» አለችኝ ዳቦ ሻጯ።

«አባቷ።»

«መቼ?»

«አሁን» አልኩ።

ከዚህ በላይ አልጠየቁም። አንደኛዋ በቀኝ፣ ሌላዋ በግራ ተቀምጠው ያዟት። መምህሩ እንደሚሉት ጎንና ጎን የሚይዛት ሰው ተገኘ ማለት ነው፣ ስማቸውን ባላውቅም። እኔ ቢጫ ሹራቤን አወለቅሁና ፌስታሉን ይዤ ቆምኩ። ስልኬ ነዘረ። «መጣች? ምንም እንዳትነግሪያት» ይላል የመምህሩ መልእክት። «ነግሬያታለሁ» ብዬ ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት።

ቤቱ ስንደርስ መምህሩ በሩ ላይ ወረቀት ይዘው ቆመው ነበር፤ የሚናገሩትን ጽፈው አዘጋጅተዋል። የሴትየዋን ነጠላ ሲያዩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ወደኔ ያዩት አስተያየት ተማሪ ሲኮርጅ የሚያዩት ነው። አራቱ ሴቶች ተነሡ። ባለቤትየዋ ከማድ ቤት በእጃቸው ላይ ዱቄት እንዳለ ወጡ፣ ሴትየዋን አዩዋትና በስሟ ጠሯት። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ዱቄቱ ነጠላዋ ላይ ቀረ።

ሁሉም ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ የምቀመጥበት ቦታ ስላልታየኝ ፌስታሉን ይዤ ማድ ቤት ገባሁ። ጨጨብሳው ማረር ጀምሮ ነበር። ከእሳቱ አወጣሁት፣ ያረረውን ለየሁት፣ ደህናውን ሰሐን ላይ አደረግሁና ልቅሶው እስኪበርድ ድረስ በሩ ላይ ይዤው ቆምኩ።